ዶቃውና ዘውዱ፤ የአኙዋክ ነገሥታት አፈ ታሪክ በአማርኛ ልብ ወለድ ሲጻፍ የሚነሡ የስያሜ ጥያቄዎች

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለሥራ ጉዳይ ወደ ጋምቤላ ከተማ በሄድንበት ወቅት፣ አንድ የአኙዋክ ተወላጅ ወጣት ጸሐፊ በአማርኛ ያዘጋጀውን የልብ ወለድ ረቂቅ እንድናይለት ሰጠን። ረቂቁ አስቀድሞ በአንድ አሳታሚ ቤት አራሚ እጅ አልፎ ስለ ነበር፣ ኅዳጉ በቀይ ቀለም እርማት ተሞልቷል። አራሚው «ዶቃ» የሚለውን ቃል በየገጹ እየሰረዘ «ዘውድ» እያለ ተክቶታል። አሳቡን ለመረዳት አይቸግርም፤ ንጉሥ ያለ ዘውድ አይታሰብም፤ ዶቃ ደግሞ የሴትና የሕፃን ጌጥ ነው ብሎ ነው። ሆኖም እርማቱን ተከትለን ባነበብን ጊዜ ታሪኩ ትርጉም አጣብን። ንጉሡ ዘውዱን አውልቆ ለተቀናቃኙ ልጅ ይሰጣል፤ ይኸው ዘውድ ጥቂት ቆይቶ በሌላ መንደር በሌላ ሰው እጅ ይገኛል፤ የሰጠው ሰው ግን አልተዋረደም፤ ከመንደሩም አልተሰደደም። አንባቢ ይህን ሲያይ «ደራሲው ሤራ መፍተል አያውቅም» ብሎ መጽሐፉን ያጥፋል። ጥፋቱ ግን የደራሲው አልነበረም፤ የአንዲት ቃል ነበር።

ነገሩ በአንድ ረቂቅ ላይ የሚያበቃ ቢሆን በዚህ ገጽ ባላነሣነው። ነገር ግን ከልዩ ልዩ ብሔረሰቦቻችን ጥንታዊ ትረካ የሚቀዱ የአማርኛ ልብ ወለዶች መጻፋቸው ስለማይቀር፣ የስያሜው ጥያቄ በየጊዜው ይመለሳል። ስለዚህ የአኙዋክን ነገሥታት ትረካ እንደ ምሳሌ ወስደን፣ ለአማርኛ ደራሲና ተርጓሚ የሚበጀውን ቃል እንመረምራለን።

አስቀድሞ የጽሑፉ ዓይነት ራሱ ስም ይሻል። የጥንት ነገሥታትን ትረካ ከተአምርና ከቤተ መንግሥት ሤራ ጋር አዋሕዶ የሚያቀርበው ድርሰት በውጭ አገር ሰፊ አንባቢ አለው። ስሙን ወደ አማርኛ ለመመለስ ሲሞከር «ምትሐታዊ»፣ «ምናባዊ»፣ «ተአምራዊ» የሚሉ ቅጽሎች ይቀርባሉ። «ምትሐት» በቋንቋችን ዐይንን የማታለል ሥራ ነው፤ ተራኪው ሕዝብ እውነት ብሎ የተቀበለውን ማታለል ማለት ደግሞ ገና ከሽፋኑ መፍረድ ይሆናል። «ምናባዊ ልብ ወለድ» ያልን እንደ ሆነ ልብ የወለደው ሁሉ ምናባዊ ስለ ሆነ ቃሉ ራሱን ይደግማል። «ተአምራዊ» የሚለው የቤተ ክርስቲያን ሽታ አለው፤ ተአምረ ማርያም እየሰማ ያደገ አንባቢ ሌላ ነገር ይጠብቃል። እኛ «አፈ ታሪካዊ ልብ ወለድ» የሚለውን እንመርጣለን። «አፈ ታሪክ» የሚለው ስያሜ ነገሩ ከአፍ የተገኘ መሆኑን ይናገራል እንጂ ሐሰት ነው አይልም።

«ልብ ወለድ» የሚለውም ቢሆን ታሪክ ያለው ስያሜ ነው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮማ ላይ ያሳተሙት፣ ዛሬ ሁላችንም «ጦቢያ» የምንለው መጽሐፍ የመጀመሪያ ርእሱ «ልብ ወለድ ታሪክ» ነበር። ዘመኑ አይጠቀስም፤ ሁለት ነገሥታት ይዋጋሉ፤ ልጃገረዲቱ የወንድ ልብስ ለብሳ ወንድሟን ፍለጋ ትወጣለች። እንግዲህ የአማርኛ ልብ ወለድ ሲወለድ አሁን ስም ከምንፈልግለት ዓይነት እምብዛም የራቀ አልነበረም። ዘመኑና ሰዎቹ የታወቁት ታሪካዊ ልብ ወለድ በኋላ የመጣ ነው፤ የብርሃኑ ዘሪሁን «የቴዎድሮስ ዕንባ» በ1958 ዓ.ም.፣ የአቤ ጉበኛ «አንድ ለናቱ» በ1961 ዓ.ም. ታትመዋል። እነዚህ ደራስያን ግን አንድ ችግር አልነበረባቸውም። ራስ፣ ደጃዝማች፣ እቴጌ፣ አልጋ ወራሽ የሚሉት ቃላት ተዘጋጅተው ይጠብቋቸው ነበር። ጋምቤላ ላይ የሚጽፍ ሰው ይህ አልተዘጋጀለትም።

ትረካው በልዩ ልዩ መልክ ይነገራል፤ ዐጽሙ ግን ይህ ነው። ሰዎች በወንዝ ዳር በያዙት ዓሣ ይጣላሉ። ኦቹዶ የተባለ ሰው ከውኃው ወጥቶ ጠባቸውን ይዳኛል። የመንደሩ አለቃ ቹዋይ ይህን ሰምቶ እንግዳውን ያስይዘዋል፤ እንግዳውም ከአለቃው ልጅ ከኮሪ ጋር ይኖራል። ኮሪ ስትፀንስ እርሱ ወደ ወንዙ ይመለሳል፤ ለሚወለደውም ልጅ ዶቃዎችን ይተዋል። ልጁ ጊሎ ይባላል፤ የአኙዋክ ልዑላን ዘራቸውን የሚቆጥሩት ወደ እርሱ ነው።

የአማርኛ አንባቢ ይህን ሲሰማ ክብረ ነገሥትን ማስታወሱ አይቀርም። በዚያም አባት ከሩቅ ነው፤ እናት የአገሬው ናት፤ ሰሎሞንም ለሚወለደው ልጅ መታወቂያ የሚሆን ቀለበት ለንግሥቲቱ ይሰጣል። ይህ መመሳሰል ተርጓሚውን ይረዳዋል፤ ይፈትነዋልም። ይረዳዋል የምንለው «ምልክት» የሚለው ቃል በሁለቱም ትረካ ቦታውን ስለሚያገኝ ነው። ይፈትነዋል የምንለው ደግሞ በክብረ ነገሥት ቀለበቱ አባትነትን ካስመሰከረ በኋላ ሥራውን ይጨርሳል፤ በአኙዋክ ዘንድ ግን የዶቃው ሥራ የሚጀምረው ከዚያ ወዲያ በመሆኑ ነው።

ኦቹዎክ የተባለው የዶቃ ሐብል፣ ከሌሎች ሐብሎች፣ በርጩማዎችና ጦሮች ጋር፣ የንግሥና ምልክት ሆኖ ከልዑል ወደ ልዑል ሲተላለፍ ኖሯል። እንግሊዛዊው የሰው ልጅ ባህል አጥኚ ኢቫንስ-ፕሪቻርድ እ.ኤ.አ. በ1940 ስለ አኙዋክ የፖለቲካ ሥርዓት ባሳተመው ጥናት እንዳብራራው፣ በቀድሞው ዘመን ምልክቶቹን የያዘ ልዑል በተቀናቃኞቹ ተከቦ ይገደል ነበር፤ ኋላ ግን በመስጠትና በመቀበል ማስተላለፍ ተለመደ። የጠቅላላው ሥርዓት ምሥጢር በአንድ ደንብ ላይ ያርፋል። ይኸውም አባቱ ዶቃውን ያላጠለቀ ልዑል ራሱ ሊያጠልቅ አይችልም የሚለው ነው። አንድ ልዑል ሳያጠልቅ ቢሞት የልጆቹና የልጅ ልጆቹ መብት ለዘላለም ይቋረጣል። ስለዚህ ሁሉም ዶቃውን ለጥቂት ጊዜም ቢሆን ለማጥለቅ ይሻማ ነበር፤ ዘመዶቹም ይህን ለማስፈጸም ይለምናሉ፤ ያስፈራራሉ፤ ያደባሉ። የሚፈለገው ረጅም ዘመን መግዛት አልነበረም፤ የልጅን በር ክፍት አድርጎ ማለፍ ነበር።

አሁን «ዘውድ» የሚለው ቃል ለምን ታሪኩን እንዳፈረሰ ግልጽ ይሆናል። በአማርኛ ዘውድ አንድ ነው፤ በአንድ ራስ ላይ ይጫናል፤ ከዚያ ራስ የሚወርደው በሞት ወይም በሽረት ነው። «ዘውዱን አውልቆ ሰጠ» ሲባል አንባቢ መሸነፍን ይረዳል። ዶቃ ግን ይጠለቃል፤ ይወልቃል፤ ይዞራል። ደራሲው ሤራውን የፈተለው በዚህ ዙረት ላይ ነው።

«ዶቃ»ን የማይወድ አራሚ ሌላ ምን አማራጭ ነበረው? «ማተብ» ፈጽሞ አይሆንም፤ የክርስትና ምልክት ነው። «ጨሌ» ከዛር ጋር የተቆራኘ ነው፤ ልዑሉን ባለ ዛር ያስመስለዋል። «ድሪ» ለብረት ጌጥ ያደላል። «ማርዳ» ይቀርባል፤ ሆኖም የሙሽራ ጌጥነቱ ገንኖ ይታያል። በመጨረሻ የቀረን ያው የወጣቱ ቃል ነው። በመጀመሪያ መጠቀሻው ላይ «ኦቹዎክ የተባለው የንግሥና ዶቃ» ብሎ፣ ከዚያ ወዲያ «ዶቃው» ወይም «ኦቹዎክ» እያሉ መቀጠል ይበቃል። ቃሉ ተራ ነው ለሚለን ሰው መልሳችን፣ ክብሩን የሚሰጠው ታሪኩ ራሱ ነው የሚል ይሆናል።

ስለ በርጩማውም እንዲሁ ነው። አራሚው «ዙፋን» ብሎት ነበር። ነገር ግን የራሳችንን ቋንቋ እንመልከት፤ «አልጋ ወራሽ» ስንል፣ «አልጋውን ያዘ» ስንል፣ አልጋ የተባለው የመኝታ ዕቃ መንግሥት ሆኖ የለምን? አልጋን መንግሥት ማድረግ የቻለ ቋንቋ በርጩማን ቢያከብር አያንሰውም።

ከዚህ የበለጠ ጥንቃቄ የሚሻው የማዕርግ ስም ነው። በአኙዋክ ምድር ሁለት ዓይነት አለቆች ነበሩ። በምሥራቅና በደቡብ ምሥራቅ በኩል ከጊሎ የሚወለዱት ልዑላን ይገኙ ነበር፤ አንዱ «ኝዬያ» ይባላል። በሌሎቹ አካባቢዎች ደግሞ «ኳሮ» የሚባለው የመንደር አለቃ ነበረ። ለኝዬያ «ልዑል» እንጂ «መስፍን» አንልም። መስፍን ወዲያውኑ ዘመነ መሳፍንትን ይጠራል፤ በዚያ ዘመን ኃይለኛው ራስ ንጉሡን በጎንደር አስቀምጦ በስሙ ይገዛ ነበር እንጂ ራሱ ዘውድ ለመድፋት አይቸኩልም ነበር። የአኙዋክ ልዑል ግን ምልክቱን በገዛ አንገቱ ላይ ካላየ ዘሩ ይቀራል። ሁለቱ ሤራዎች መንገዳቸው ተቃራኒ ነው።

«ኳሮ» በረቂቁ ላይ አንድ ጊዜ «ጭቃ ሹም»፣ ሌላ ጊዜ «ቆሮ» ተብሎ ታርሟል። የመጀመሪያው ከበላይ የተሾመ ግብር ሰብሳቢ ነው። ሁለተኛው በኦሮሞ አገር የታወቀ የባላባት ስም ሲሆን፣ ከኳሮ ጋር የሚያገናኘው የድምፅ መቀራረብ ብቻ ይመስለናል። በአኙዋክ ዘመድ ቋንቋዎች፣ በአቾሊና በኬንያው ሉኦ፣ «ክዋሮ» አያት ማለት ነው፤ ስለዚህ ስያሜው ሹመትን ሳይሆን አባትነትን ያስታውሳል። «ኳሮ» እንዳለ ይቀመጥ፤ ሲያስፈልግ «የመንደሩ አባት» ተብሎ ይፈታ።

ወጣቱ ጸሐፊ እጅግ የተከራከረን ግን ስለ «አጌም» ነው። ኳሮው እንግዳ የማያበላ፣ ለጋስነት የጎደለው የሆነ እንደ ሆነ፣ የመንደሩ ሰዎች ተነሥተው ያባርሩትና ከዘመዶቹ ሌላውን ያስቀምጣሉ። ይህ አጌም ነው። እኛ በመጀመሪያ «ዐመፅ» ይሁን አልን። ወጣቱም «ዐመፅ ካላችሁ ሕዝቡን ጥፋተኛ አደረጋችሁት፤ ደንብ ያፈረሰውኮ ኳሮው ነው» አለን፤ እውነቱን ነበር። «መፈንቅለ መንግሥት» ለአንድ መንደር ይሰፋል። «ሽረት» የተሻለ ይመስል ነበር፤ ነገር ግን በእኛ ዘንድ ሻሪው ምን ጊዜም ከበላይ ነው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት እንመልከት፤ በአኙዋክ መንደር የሚሻረው የበላ እንጂ ያላበላ ስላልሆነ አይደለም፤ ያላበላውማ ዋነኛው ተሻሪ ነው። ስለዚህ ቃሉን እንዳለ ተውነው፤ አጌም በታሪኩ ውስጥ ራሱን እንዲያስረዳ።

ከውኃ ስለ ወጣው ሰው አንድ ነገር ብቻ እንበል። «ጋኔን»፣ «ቆሌ»፣ «የባሕር ሰይጣን» የሚሉት ሁሉ በአማርኛ ወይ ይወገዛሉ ወይ ይመለካሉ። ኦቹዶ ግን ዳኛ ሆኖ የመጣ እንግዳ ነው። «ከውኃ የወጣው ሰው» በቂ ነው።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። በሜክሲኮ የቶልቴኮች ከተማ የቶላን ገዥ ኬትሳልኮአትል፣ በተቀናቃኙ በቴስካትሊፖካ ተንኮል ሰክሮ፣ ኀፍረት ይዞት ወደ ምሥራቅ ባሕር እንደ ተሰደደ ይተረካል። ትረካው በብዛት የተጻፈው ስፔኖች አገሩን ከያዙ በኋላ ሲሆን፣ በናዋትል ቋንቋ ገዥው «ትላቶአኒ»፣ ማለትም «ተናጋሪው»፣ ይባል ነበር። ስፔኖች «ንጉሥ» አሉት፤ ሥልጣንን ከንግግር ጋር ያያያዘው አሳብ በዚያው ተሰወረ። ዛሬ በዚህ ትረካ ላይ ልብ ወለድ የሚጽፉ ደራስያን ቃሉን በጥንቱ ስሙ ሲመልሱት እናያለን።

የቀረው የአጻጻፍ ጉዳይ ነው። አኙዋክኛ ዛሬ በክልሉ በላቲን ፊደል ይጻፋል፤ ከአማርኛ ሰባት አናባቢዎች የሚበልጡ አናባቢዎች አሉት፤ ቃላትንም በድምፅ ከፍታና ዝቅታ ይለያል። «ኦቹዶ» ብለን ስንጽፍ «ዶ» ምላስን ወደ ጥርስ አስጠግቶ የሚነገር ድምፅ መሆኑን ፊደላችን አያሳይም። ለልብ ወለድ ይህ አያስጨንቅም፤ አንድ ስም በመጽሐፉ ሁሉ በአንድ መልክ ይጻፍ እንጂ። ጊሎ ግን ልዩ አስተያየት ይሻል፤ የሰውም የወንዝም ስም ነውና። እ.ኤ.አ. በ1940 እና በ1941 ኢቫንስ-ፕሪቻርድ ራሱ የአኙዋክ ተዋጊዎችን አስከትሎ በአኮቦና በዚሁ በጊሎ ወንዝ አካባቢ ጣልያንን ወግቷል። በረቂቁ ላይ አራሚው የሰውየውን ስም «ግሎ»፣ የወንዙን «ጊሎ» አድርጎ ለያይቶት ነበር። ደራሲው አንድ ላይ መልሷቸዋል፤ «ዶቃ» የሚለውንም በየገጹ በእርሳስ አስገብቶታል።