ጠረጴዛው አይሰግድም

ላስታ ውስጥ «ባትሪ» ስንል በእጅ የሚያዘውን መብራት ማለታችን ነው፤ ሆዱ ውስጥ የሚገባውን ደግሞ «ድንጋይ» እንለዋለን። ቤተ ክርስቲያን ከድንጋይ በተፈለፈለበት ከተማ ድንጋይ ቸርቻሪ ነኝ እያልኩ ደንበኞቼን አስቃለሁ። ዋናው ሥራዬ ግን ጥገና ነው። ሬዲዮና ስልክ እጠግናለሁ፤ በሰሜኑ ጦርነት ላሊበላ ለወራት መብራት ካጣች ወዲህ ደግሞ የሶላር መብራት ከጠረጴዛዬ ጠፍቶ አያውቅም።

ታኅሣሥ እንደባተ አክስቴ ጋቢያቸውን በክንዳቸው ይዘው ሱቅ ድረስ መጡ። ለገና ከመንደራቸው የሚመጡትን አሮጊቶች እየመሩ የሚወርዱት እሳቸው ናቸው። በዋዜማው ሌሊት ሁሉም ነጭ ለባሽ ስለሆነ ከኋላ ያለ ሰው ማን የማን እንደሆነ አይለይም። «ከኋላ ሆነው የሚያዩኝበትን አንድ ነገር ስፋልኝ» አሉኝ። «ጧፉን እንደሆነ ነፋስ ያጠፋዋል። ባትሪ ብይዝ ምርኩዜን በምን እይዛለሁ?»

ቀላል ሥራ መሰለኝ። ከኋላ አራት ቀይ፣ ከፊት ሁለት ነጭ ኤልኢዲ። ለኋላው ቀይ የመረጥኩት የተከታዩን ሰው ዓይን ስለማይወጋ ነው። ኃይሉን ከተጣለ የላፕቶፕ ባትሪ ከፈታሁት አንድ ሴል አገኘሁ፤ 18650 የሚባለው ነው፣ ስሙ ልኩ ነው፦ 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ 65 ሚሊ ሜትር ቁመት።

መጀመሪያ የሰነፍኩት ሬዚስተር ላይ ነው። ስድስቱንም ጎን ለጎን አሰርኩና አንድ ሬዚስተር ሰጠኋቸው። ቀዮቹ ቦግ አሉ፤ ነጮቹ ጭል እንኳ አላሉም። ቀይ ኤልኢዲ 2 ቮልት አካባቢ ይበቃዋል፣ ነጩ ግን 3 ያህል ይፈልጋል። አብረው ሲታሰሩ ቀዩ ቮልቴጁን እዚያው 2 ላይ ይዞ ያስቀረዋል፤ ነጩ ጦሙን ያድራል። ነጭ የምንለውም ቢሆን በውስጡ ሰማያዊ ነው፤ ላዩ ላይ ያለው ቢጫ ቅብ ነው ነጭ የሚያስመስለው። ያ ሰማያዊ ብርሃን ሦስት የጃፓን ተወላጆችን በ2014 እ.ኤ.አ. የፊዚክስ ኖቤል ያሸለመ ነው፤ እኔ በአንድ ሬዚስተር ላታልለው ሞከርኩ። ለእያንዳንዱ የራሱን ሰጠሁት፦ ለቀዩ 220 ኦም፣ ለነጩ 100 ኦም። ሴሉ ሞልቶ 4.2 ቮልት ሲሆን ሁሉም በአንድ ላይ 64 ሚሊአምፔር አካባቢ ይወስዳሉ። አሮጌው ሴል 1500 ሚሊአምፔር ሰዓት ብቻ ቢሰጥ እንኳ ከ20 ሰዓት በላይ ያበራል። ዋዜማውን አድሮ ቅዳሴውን ያስጨርሳል ማለት ነው።

ሽቦ ከማስገባት ኃይሉን በሙካሽ ጠልፌ ላስተላልፍ ብዬም ነበር፤ ጌጥም ይሆናል። ቴስተሩን ባስነካው ዝም አለ። ብረት የመሰለኝ ክር ላዩ ብቻ የሚያብለጨልጭ ፕላስቲክ ነው። ስለዚህ በጋቢው ድርብ መካከል እንደ ደወል መስመር ያለ ባለ አንድ ዘንግ ሽቦ ዘረጋሁ፣ በየደረሰበት ሰፋሁት፣ ጠረጴዛ ላይ አበራሁት። አማረልኝ።

በሳምንቱ ተመለሱ። «ቤት ይበራል፤ ቤተ ክርስቲያን ስደርስ ይጠፋል።» ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁት፣ በራ። «እትዬ፣ ምንም አልሆነም» ብዬ ሸኘኋቸው። ደግመው መጡ፤ አሁንም በራ። በሦስተኛው ግን ከመጀመሪያው መጠየቅ የነበረብኝን ጠየቅኩ። የሚጠፋው ምን ሲያደርጉ ነው?

«ቆሜማ ይበራል። ስሰግድ ነው እንጂ።»

የሱቁን በር ገርበብ አድርጌ ጋቢውን ለበስኩት። ቴስተሩን ድምፅ ላይ አድርጌ በመስመሩ ሁለት ጫፍ አያያዝኩና ወለሉ ላይ ሰገድኩ። ወገቤ ሲታጠፍ ድምፁ ተቋረጠ፤ ቀና ስል ጢጥ አለ። አንድ ደንበኛ ስልኩን ይዞ ገብቶ ኖሯል፤ ጸሎት መስሎት እስክጨርስ ኮፍያውን አውልቆ ቆሞ ጠበቀኝ።

ስተረትረው ብየዳው ደህና ነበር። የተሰበረው ከብየዳው አንድ ጣት ያህል ርቆ፣ በላስቲኩ ውስጥ ተደብቆ ነው። ሰውነት ሺህ ጊዜ ሲታጠፍ ባለ አንድ ዘንግ ሽቦ እንደ ቆርቆሮ ይደክማል። የሚደክመው ደግሞ በደነደነውና በለስላሳው ድንበር ላይ ነው። ቀጥ ብሎ ሲተኛ ሁለቱ ጫፎች ይነካካሉ፣ መብራቱም ይበራል። ጠረጴዛው አይሰግድም፤ ስለዚህ ብልሽቱን ሊያሳየኝ አልቻለም።

አክስቴ ስፌቱን አገላብጠው አዩና «ወገቡ ላይ አጥብቀህ ሰፍተኸዋል» አሉ። «ጨርቅ እንኳ እዚህ ጋ ካላረገቡለት ይተረተራል።» ለዚህ መልስ አልነበረኝም። ከተበላሸ የቻርጀር ገመድ ጸጉር መሰሉን ሽቦ አወጣሁ፣ ወገብና ትከሻ ላይ እንደ እባብ አካሄድ አላላሁት፣ ከየብየዳው ግራና ቀኝ በክር አሰርኩት፤ መታጠፉ በብየዳው ድንበር ላይ እንዳይመጣ። ሁሉንም በቁልፍ በሚያዝ ጥብጣብ ላይ አደረግኩት፤ ለገና የማይታጠብ ጋቢ የለምና። ሴሉ በትንሽ ኪስ ብብት ሥር ገባ፣ ብርድ አቅሙን ስለሚቀንሰው። ሽቦ ከሽቦ ቢነካካ ኃይሉን የሚቆርጥ ትንሽ ቦርድም አለው። እሱ ሳይኖር ሊቲየምን ከጥጥ ጋር ሰፍቼ ለሰው አልሰጥም፤ ሰው ይቸኩል፣ ይቆጣ። ብልጭ ድርግም የሚለውን ቦርድ ግን አላስገባሁም። ልጆቹ ይወዱታል፤ እኔ ከዳንስ ቤት በር ውጭ ቦታ አላገኝለትም።

ለብሰውት ሁለት ጊዜ ሰገዱ። አልጠፋም። ከዚያ ብብታቸውን ዳበሱና «ማጥፊያው ሩቅ ነው» አሉ።

«ምን ያደርግልዎታል? ሌሊቱን ሙሉ ቢበራም አያልቅ።»

«ሲኦል ስገባስ?»

በቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል በኩል ያለውን ጨለማ ዋሻ ማለታቸው ነው። የሲኦል ምሳሌ ስለሆነ ያለ መብራት፣ ግድግዳውን በእጅ እየዳበሱ ነው የሚያልፉት። ጥብጣቡን መልሼ ፈታሁና ማጥፊያውን ወደ ደረት፣ ምርኩዝ በሚይዙበት በኩል አመጣሁት። ሌላው እጅ ግድግዳውን ይዟል።