የተበላ ትኬትና ስድቡ

ቅዳሜና እሑድ ማታ በነቀምቴ ኳስ ከሚታይባቸው ቤቶች ደጃፍ ያለፈ ሰው፣ ጨዋታው ሲያልቅ የሚሰማው ጩኸት የደጋፊ ብቻ እንዳልሆነ ያውቃል። ከመካከሉ «ትኬቴን አቃጠለብኝ!» የሚል አይጠፋም። መጀመሪያ ግብ ጠባቂው ይሰደባል፣ ቀጥሎ ዳኛው። በመጨረሻ ተራው «ይህ ጨዋታ አይቀርም» ብሎ የመከረው ጓደኛ ይሆናል። ስልክ ባለበት ሁሉ ቤቲንግ ስላለ፣ በጉቶ ጊዳ የገጠር ቀበሌዎችም ወሬው ከዚህ ብዙም አይለይም።

ውድ አንባቢያን፣ ስድቡን እዚህ የማነሣው ስለ ጨዋነት ለመምከር አይደለም። ስድብ ሕመሙን ስለሚቀልበው ነው። አስር ጨዋታ የያዘ ትኬት እንውሰድ። የእያንዳንዱ ግምት ዕድል ግማሽ በግማሽ ቢሆን፣ አስሩም የሚሳኩት ከ1,024 ጊዜ በአማካይ አንዴ ብቻ ነው። ዘጠኙ ተሳክተው አንዱ የሚቀርበት አጋጣሚ ደግሞ ከዚህ አስር እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ «ለጥቂት አመለጠኝ» የሚባለው ነገር ሒሳቡ ራሱ የሚያመጣው ነው፤ የማንም ተንኮል የለበትም። አእምሯችን ግን እንዲህ አያየውም። ማሸነፍ የሚያነቃቃውን የአንጎል ክፍል ለጥቂት ማምለጥም እንደሚያነቃቃው ጥናቶች አሳይተዋል። ጥፋቱን በግብ ጠባቂው ወይም በጓደኛው ላይ የጣለ ሰው «የእኔ ግምት ልክ ነበር» ብሎ ይተኛል፤ ነገ የተበላውን ሊያስመልስ ይመለሳል።

ይህ በእኛ አገር ብቻ የሚታይ አይደለም። ዓለም አቀፉ የቴኒስ ፌዴሬሽንና የሴቶች ቴኒስ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጡት ሪፖርት፣ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት በተጫዋቾች ላይ ከተለዩት የስድብና የዛቻ መልእክቶች 40 በመቶው የተናደዱ ተወራራጆች የላኳቸው ነበሩ።

የቁማር ሱስ የዓለም ጤና ድርጅት በሕመምነት የመዘገበው የጤና ችግር ነው። ራስዎን ለመመርመር ሁለት ጥያቄዎች በቂ መነሻ ናቸው። የሚያስይዙትን ብር ከፍ ከፍ የማድረግ ፍላጎት ተሰምቶዎት ያውቃል? ስለሚያስይዙት መጠንስ ለቅርብ ሰው ዋሽተው ያውቃሉ? ለአንዱም ቢሆን «አዎ» ካሉ ሐኪም ያማክሩ።

ሌላው ስድብ ቤት ውስጥ ያለው ነው። የቡና ሽያጭ ብር ወይም የልጅ የትምህርት ቤት ክፍያ በአንድ ሌሊት ሲጠፋ ቤተሰብ ቢቆጣ አይፈረድበትም። መቆጣትና ማዋረድ ግን ይለያያሉ። «ሁለት ሺህ ብር ከሣጥኑ ጠፍቷል፤ ይህ እንዳይደገም ምን እናድርግ?» ማለት ወቀሳ ነው። በጎረቤት ፊት «ሌባ፣ ቁማርተኛ» ማለት ደግሞ ሰውየውን ወደ መደበቅ ይገፋዋል። የተደበቀ ሰው በድብቅ ይበደራል። በተበላበት ሌሊት ባትነጋገሩ እመርጣለሁ፤ አብዛኛው የሻምፒዮንስ ሊግ ጨዋታ የሚጀምረው እንኳ ከምሽቱ 4 ወይም 5 ሰዓት ነው፣ ሲያልቅ እንቅልፍ የለም፣ አንዳንዴም መጠጥ አለ። ይንጋ። ከዚያ የዕዳውን ሙሉ መጠን ጠይቁት። ልትከፍሉለት ከወሰናችሁ ብሩን ለእሱ ሳይሆን በቀጥታ ለአበዳሪው ስጡ። በጓደኛሞች መካከል ለተፈጠረ የብድር ጠብ የአገር ሽማግሌዎች ጃርሱማ ጥሩ መንገድ ነው፤ ሸንጎው የውርደት መድረክ እስካልሆነ ድረስ።

አንድ ምልክት ግን ቀጠሮ አይሰጥም። ዕዳ የተቆለለበት ሰው «ብሞት ይሻላል» ካለ ወይም ድንገት ዝም ካለ፣ ራሱን ለማጥፋት አስቦ እንደሆነ በግልጽ ጠይቁት። መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባበትም። አዎ ካለ ብቻውን አትተዉት፤ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ውሰዱት።

ሕክምናው በዋናነት የንግግር ሕክምና ነው፤ «አሁን ተራዬ ነው» የሚለውን የተሳሳተ ሐሳብ ከሥሩ ይፈትሻል። አብሮ ድብርት፣ የመጠጥ ወይም የጫት ሱስ ካለም አብሮ ይታከማል። ብዙዎቹ ወደ እኛ የሚመጡት «ራሴን ያመኛል፣ እንቅልፍ አጣሁ» ብለው ነው፤ ስለ ቤቲንጉ ቃል ሳይተነፍሱ መድኃኒት ይዘው ይሄዳሉ። ሐኪሙ ካልጠየቀዎት እርስዎ ይንገሩት።