የሌሊት ወፍ፣ መዥገሩና የእኛ ጤና



ውድ አንባቢያን፣ በዚህ ዓምድ አዘውትረን የምንነጋገረው ስለምንመገበው ምግብ ነው። ዛሬ ግን ከፍራፍሬያችን ላይ ድርሻውን ስለሚወስድ፣ አንዳንዴም ከመግሪብ ሶላት ስንወጣ ከመስጊዱ ጣሪያ ሥር እየተከታተለ ሲበር ስለምናየው እንስሳ እናንሳ። ይህም የሌሊት ወፍ ነው።

ኅዳር 5 ቀን 2018 ዓ.ም. በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል በጂንካ ከተማ የማርበርግ ቫይረስ በሽታ መከሰቱ ተረጋገጠ። በላቦራቶሪ ምርመራ በሽታው ከተገኘባቸው 14 ሰዎች 9ኙ ሞቱ። ከታመሙት መካከል የጤና ባለሙያዎችም ነበሩ። ወረርሽኙ ማብቃቱ የታወጀው በጥር 2018 ነው። የበሽታው ስም በተነሳ ቁጥር የሌሊት ወፍም አብሮ ስለሚነሳ፣ «እነዚህን ከነዋሻቸው በጭስ አጥኖ ማጥፋት ነው እንጂ ሌላ ምን መላ አለው?» የሚል ሰው አይጠፋም። ሐሳቡ ከፍርሃት የመጣ ነውና አይፈረድበትም። ነገር ግን ይህ ነገር በኡጋንዳ ተሞክሯል፤ የተገኘውም ውጤት የተፈለገው ተቃራኒ ነው። ወደዚያ ከመሄዳችን በፊት ግን እንስሳውን እንወቀው።

ሁሉም አንድ አይደሉም

በዓለም ላይ ከ1,400 በላይ የሌሊት ወፍ ዝርያዎች ሲኖሩ፣ አብዛኞቹ የሚገኙት በሞቃታማው የምድራችን ክፍል ነው። በአገራችን ብቻ ከ70 የሚበልጡ ዝርያዎች ተመዝግበዋል። በቤትና በመስጊድ ጣሪያ የሚያድሩት ትናንሾቹ በአብዛኛው ነፍሳት በል ናቸው፤ ሌሊቱን ትንኝና የእሳት ራት ሲያድኑ ያነጋሉ። የገበሬውን በቆሎና ማሽላ የሚፈጀው አገዳ ቆርቁር የሚፈለፈለው ከእሳት ራት እንቁላል መሆኑን ስናስብ፣ እነዚህ ፍጥረታት ያለ ደመወዝ የሚሠሩልን ሥራ ቀላል አይደለም።

ማርበርግን የሚሸከመው ግን «የግብፅ ፍራፍሬ በል የሌሊት ወፍ» የሚባለው ዝርያ ነው። ስሙ ግብፅን ይጥራ እንጂ በአፍሪካ በሰፊው የተሠራጨ ሲሆን በኢትዮጵያም ይኖራል። ክብደቱ 150 ግራም ገደማ ነው። ቀኑን በዋሻ ውስጥ በሺዎች ሆኖ ጎን ለጎን ተጠጋግቶ ይውላል፤ ሲመሽ ሾላ፣ ዋርካ፣ ማንጎና ዘይቱን ፍለጋ ይወጣል። ጭማቂውን ይመጥና ቃጫውን ይተፋል፤ የዋጠውን ዘር ደግሞ ራቅ ካለ ቦታ ይጥለዋል። በገደል አፋፍ ላይ ማንም ያልተከለው ሾላ በቅሎ ስታዩ፣ የዘራው ወፍ ወይም የሌሊት ወፍ ሊሆን ይችላል።

በፀጉሩ ውስጥ ያለው ዓለም

የሌሊት ወፍ ብቻውን አይኖርም። በፀጉሩ ውስጥ «የሌሊት ወፍ ዝንብ» የሚባሉ ደም መጣጮች ይርመሰመሳሉ። አንዳንዶቹ ክንፍ የሌላቸውና እግረ ረጃጅም በመሆናቸው ሸረሪት ይመስላሉ። አወላለዳቸው የአላህን ጥበብ የሚያሳይ ነው። እናቲቱ እንቁላል አትጥልም። እጩን አንድ በአንድ በሆዷ ውስጥ እየመገበች ታሳድገዋለች፤ ሲደርስም ከሌሊት ወፉ ላይ ወርዳ በዋሻው ግድግዳ ላይ ትለጥፈውና ትመለሳለች። እጩ ጊዜውን ጠብቆ ዝንብ ሆኖ ሲወጣ ቶሎ የሚጠጋው የሌሊት ወፍ ካላገኘ በረሃብ ይሞታል። በዚህም ምክንያት ዕድሜያቸውን በአንድ ዋሻ በሚያሳልፉ ዝርያዎች ላይ ዝንቡ ይበዛል፤ በዛፍ ቅጠል መካከል በሚያድሩትና ማደሪያቸውን ቶሎ ቶሎ በሚቀያይሩት ላይ ያንሳል። ከእነዚህ ዝንቦች አንዳንዶቹ ከወባ ተውሳክ ጋር የሚዛመዱ ጥቃቅን ተውሳኮችን ከአንዱ የሌሊት ወፍ ወደ ሌላው ያስተላልፋሉ። ሰውን ግን ወባ አያስይዙም።

መዥገሩ ደግሞ ሌላ ነው። በከብት ላይ እንደምናውቀው ለቀናት ተጣብቆ አይቆይም። በድንጋይ ስንጥቅ ተሸሽጎ ይኖርና የሌሊት ወፎቹ ሲያርፉ ወጥቶ ለጥቂት ጊዜ ደም መጥጦ ወደ ስንጥቁ ይመለሳል። በኡጋንዳ ፓይተን ዋሻ በሚባለው ስፍራ ከእነዚህ መዥገሮች ከ3,000 በላይ ተሰብስበው ሲመረመሩ ማርበርግ በአንዱም አልተገኘም። ቫይረሱን የሌሊት ወፎቹ ራሳቸው እርስ በርስ ሲነካኩ ነው የሚተላለፉት፤ በምራቃቸውም ይወጣል። ይኸው መዥገር ግን ካሶኬሮ የተባለ ሌላ ቫይረስ ያስተላልፋል። ካሶኬሮ እ.ኤ.አ. በ1977 በኡጋንዳ ከተያዙ የሌሊት ወፎች የተገኘ ሲሆን፣ ሲመረምሩ የነበሩ የላቦራቶሪ ሠራተኞችን አሟል። እንግዲህ በዋሻ ውስጥ ግድግዳ ተደግፎ የሚቀመጥ ሰው የገባው የሌሊት ወፉን ቤት ብቻ ሳይሆን የመዥገሩንም ቤት ነው።

ኪታካ ላይ የሆነው

ወደ ዋናው ጉዳይ እንመለስ። በምዕራብ ኡጋንዳ ኪታካ የሚባል የማዕድን ጉድጓድ አለ። እ.ኤ.አ. በ2007 እዚያ ሲሠሩ ከነበሩ ሰዎች መካከል 4 ሰዎች በማርበርግ ታመሙ፤ አንዱ ሞተ። ተመራማሪዎች ገብተው ሲመረምሩ በጉድጓዱ ውስጥ የሌሊት ወፎች በአሥር ሺዎች ሰፍረው አገኙ። ከ100ው 5 ያህሉ ቫይረሱ ነበረባቸው።

በቀጣዩ ዓመት ማዕድን አውጪዎቹ መውጫዎቹን በደንገልና በዓሣ መረብ ዘግተው የሌሊት ወፎቹን ፈጇቸው። ጉድጓዱ ባዶ ሆነ። ነገሩ ያለቀ መስሎ ነበር።

አላለቀም። እ.ኤ.አ. በ2012 ከዚያ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚርቀው የኢባንዳ ከተማ ማርበርግ እንደገና ተነሳ። የዚያ ዓመት ወረርሽኝ በላቦራቶሪ የተረጋገጠባቸው ሰዎች 15 ደረሱ። ተመራማሪዎቹ ወደ ኪታካ ሲመለሱ የሌሊት ወፎች እንደገና ገብተውበታል። ቁጥራቸው ከቀድሞው እጅግ ያነሰ ነበር። ቫይረሱ ያለባቸው ግን አሁን ከ100ው 13 ሆነዋል፤ ከበፊቱ ከእጥፍ በላይ ማለት ነው።

ለምን? የሚሰጠው ማብራሪያ ለማንም የሚገባ ነው። በተረጋጋ ዋሻ ውስጥ አብዛኞቹ ትልልቅ የሌሊት ወፎች በሽታውን አልፈውት የመከላከል አቅም አዳብረዋል። ቫይረሱን በብዛት የሚይዙት የእናታቸው ጥበቃ ያለቀባቸው፣ 6 ወር የሞላቸው ወጣቶች ናቸው። እነዚህ በዓመት ሁለት ጊዜ ይበዛሉ፤ በኡጋንዳ የታዩት ወደ ሰው የተላለፉ በሽታዎችም በአብዛኛው የገጠሙት በእነዚህ ወራት ነው። ትልልቆቹ ሲፈጁ ቦታው ይለቀቃል፤ በሽታውን ያላዩ አዳዲሶች ከየአቅጣጫው ይመጣሉ፤ ቫይረሱም እንደ ደረቅ ሣር ያገኛቸዋል። ጉድጓዱን ማጽዳት የፈለጉት ሰዎች ሳያውቁት ማገዶ ጨመሩበት። በእኛ አስተያየት ይህን ታሪክ ያወቀ ሰው ዋሻ ለማጠን ክብሪት አያነሳም።

ታዲያ ምን እናድርግ?

ከፍራፍሬ እንጀምር። ማንጎና ሙዝ ላይ በተደረገ ሙከራ ማርበርግ በፍሬው ላይ እስከ 6 ሰዓት በሕይወት ቆይቷል። ስለዚህ የተነከሰ ወይም የተጫረ ማንጎ ከዛፍ ሥር ልጆች ሲያነሱ ብታዩ አስጥሏቸው፤ «የተነከሰውን ቆርጬ ልብላው» አይባልም። ደህናውን በንጹሕ ውሃ ማጠብና መላጥ ይበቃል። በባንግላዲሽ ሰዎች ከተምር ዘመድ ዛፍ የሚንጠባጠበውን ጥሬ ጭማቂ በመጠጣታቸው ኒፓ በሚባል ሌላ ቫይረስ ብዙዎች ታመዋል፤ ሌሊት ማሰሮውን የሚልሰው ትልቅ ፍራፍሬ በል የሌሊት ወፍ ነው። በኢፍጣር የምንበላው ደረቅ ተምር በዚህ ጉዳይ የለበትም።

ወደ ዋሻ መግባት ሲመጣ ጥንቃቄው ይጠብቃል። እ.ኤ.አ. በ2008 አንዲት የኔዘርላንድ ጎብኚ ፓይተን ዋሻን አይታ ከተመለሰች በኋላ በማርበርግ ሞታለች። በባሌ የሚገኘው፣ በሼኽ ሶፍ ዑመር ስም የሚጠራውና የወይብ ወንዝ የሚያልፍበት ዋሻ ለዚያራም ለጉብኝትም ሰው ይሄድበታል። እዚያ በሽታ አለ እያልን አይደለም። ነገር ግን የትም ዋሻ ቢሆን የሌሊት ወፍ በተከማቸበት ክፍል ቁጭ ብሎ መብላት፣ ግድግዳ መደገፍ፣ ልጆችን ድንጋይ ማስወርወር ይቅር።

በማርበርግ የተያዘ ሰው ምልክቱ ከ2 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ ይታይበታል። ከዚያ በኋላ የሚያስተላልፈው በደሙ፣ በትውከቱና በሌላው ፈሳሹ ነው፤ ከሞተ በኋላም ጀናዛው አደገኛ ነው። ወረርሽኝ በታወጀበት አካባቢ ቤተሰብ በራሱ ጀናዛ አይጠብ። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2014 ለኢቦላ ባወጣው የቀብር መመሪያ፣ ለሙስሊም ሟች የውሃ ትጥበት ቀርቶ የሠለጠኑ ሰዎች ተየሙም የሚያደርጉበትን መንገድ አካቷል። የፊቅሁን ዝርዝር ዑለማዎቻችንን ጠይቁ፤ ጥያቄው ግን ሰው ሳይሞት በፊት ቢጠየቅ ይሻላል።

መሬት ላይ የወደቀ የሌሊት ወፍ ካያችሁ በባዶ እጅ አትንኩት፤ የእብድ ውሻ በሽታ ዓይነት ቫይረስ ሊኖርበት ይችላል። ከነከሰ ቁስሉን በውሃና ሳሙና ለ15 ደቂቃ አጥቦ ወዲያው ጤና ጣቢያ መሄድ ነው።

በመጨረሻ የመስጊዱ ጣሪያ። ኩሱን ደረቁን አትጥረጉት። አቧራው ሳንባን የሚያሳምም ፈንገስ ሊይዝ ስለሚችል በመጀመሪያ ውሃ አርከፍክፉበት፤ አፍና አፍንጫን በጭምብል ሸፍናችሁ፣ ጓንት አድርጋችሁ አንሱት። የሌሊት ወፎቹ እንዳይመለሱ ከፈለጋችሁ ቀዳዳውን መድፈን ይቻላል፤ መድፈን ያለባችሁ ግን ሁሉም ወጥተው ካለቁ በኋላ በምሽት ነው። መብረር ያልቻሉ ግልገሎች ካሉ ክንፍ እስኪያወጡ ጥቂት ሳምንታት ታገሱ፤ አለዚያ ውስጥ ሞተው ሽታቸው ጀማዓውን ያስቸግራል።