ተረት ሥነ ጽሑፍ ነው? ለልጅስ ይሆናል?

ገዳሪፍ ላላችሁ ወላጆች፣ ከሥነ ጽሑፍ መምህር።

1. አዎ፣ ሥነ ጽሑፍ ነው። ተረት፣ እንቆቅልሽና ቀረርቶ በሥነ ቃል ስም በየዩኒቨርሲቲው ይጠናሉ። የቃላት ምርጫ፣ ገጸ ባሕርይና የታሪክ ፍሰት እስካለ ድረስ ያልታተመ መሆኑ አያሳንሰውም።

2. ገዳሪፍ ሁለት የተረት ባህል አላት። በመተማ በኩል የተሻገረው አበሻ የጅብና የጦጣ ተረት ይዞ መጥቷል። ሱዳናውያን አያቶች ደግሞ ስለ ውቢቷ ፋጢማና ስለ ሰው በላው ጉል ያወራሉ። ምሁሩ አብደላ አል-ጠይብ የሱዳንን ተረቶች «አል-አሃጂ አስ-ሱዳኒያ» በሚል መጽሐፍ ሰብስቧቸዋል።

3. ተረት ልጅን ያስፈራል የሚለው ክርክር አዲስ አይደለም። የጀርመኖቹ ግሪም ወንድማማቾች በ1812 እ.ኤ.አ. ያወጡት ስብስብ ለልጅ አይሆንም ተብሎ ተተቸ። እስከ 1857 እ.ኤ.አ. እትም ድረስ ደጋግመው አረሙት። ለምሳሌ በአንዱ ተረት ልጆቿን ጫካ ያስጣለችው እናት በኋላ እንጀራ እናት ሆነች፤ ጭካኔው ግን ብዙ አልቀነሰም።

4. ታዲያ ምን እናድርግ?
• ለትንንሾች የእንስሳት ተረት ይቅደም።
• ጦርነት አይቶ ለተሰደደ ልጅ መሳደድና መታረድ ያለበትን ለጊዜው እለፉት።
• «ካልተኛህ ጅቡ ይመጣል» ማስፈራሪያ እንጂ ተረት አይደለም፤ ተዉት።
• ሸክላ ሠሪን ወይም ቀጥቃጭን ቡዳ የሚያደርግ ተረት ከጅቡ ይብሳል። ልጅ ፍርሃቱን ይረሳል፣ ንቀቱ ግን አብሮት ያድጋል።

ዛሬ ማታ አንድ ተረት ንገሩ፤ ነገ ልጁ መልሶ ይንገራችሁ።