የፋርማሲ ሬዚደንሲ ቃለ መጠይቅ፦ በበይነ መረብ ወይስ በአካል?

በአሜሪካ የፋርማሲ ሬዚደንሲ ሥልጠና ለመከታተል የሚያመለክቱ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ከሚያልፉባቸው ወሳኝ ደረጃዎች አንዱ ቃለ መጠይቅ ነው። እስከ 2020 እ.ኤ.አ. ድረስ ቃለ መጠይቁ በአብዛኛው በአካል ይካሄድ ነበር። የኮቪድ-19 ወረርሽኝ ከተከሰተ በኋላ ግን ሆስፒታሎች ወደ ቪዲዮ ቃለ መጠይቅ ተሸጋግረዋል። በአሁኑ ወቅት አንዳንዶቹ በበይነ መረብ መጠየቁን ሲቀጥሉ፣ ሌሎቹ ወደ ቀድሞው አሠራር ተመልሰዋል ወይም ምርጫውን ለአመልካቹ ትተዋል።

ምደባው እንዴት ይከናወናል?

የመጀመሪያው ዓመት ሬዚደንሲ ከፋርማሲ ዲግሪ በኋላ በጤና ተቋም የሚሰጥ የተግባር ሥልጠና ሲሆን፣ በልዩ ዘርፍ መቀጠል የሚፈልግ ባለሙያ ሁለተኛ ዓመት ይጨምራል። ከቃለ መጠይቁ በኋላ አመልካቾች ተቋማትን፣ ተቋማትም አመልካቾችን በምርጫ ቅደም ተከተል ያስቀምጣሉ፤ ድልድሉም በኮምፒውተር ይሠራል። ውጤቱ በመጋቢት ወር ይገለጻል፤ ሁለቱንም ወገን ያስገድዳል። ቦታ ያላገኙ በሁለተኛው ዙር መወዳደር ይችላሉ። በመሆኑም ቃለ መጠይቁ አመልካቹ የሚመዘንበት ብቻ ሳይሆን፣ አንድ ዓመት የሚሠራበትን ተቋም ራሱ የሚመዝንበት አጋጣሚም ነው።

የሁለቱ አማራጮች ልዩነት

በአካል የሚደረግ ቃለ መጠይቅ አመልካቹ የሥራ ቦታውን እንዲጎበኝ፣ ባለሙያዎች እርስ በርስ እንዴት እንደሚግባቡ በዓይኑ እንዲያይ ዕድል ይሰጣል። ሆኖም የአውሮፕላንና የማረፊያ ወጪው ብዙውን ጊዜ በአመልካቹ ላይ የሚወድቅ በመሆኑ፣ አቅሙ ውስን የሆነ አመልካች የተጋበዘባቸውን ቦታዎች ለመተው ሊገደድ ይችላል። ከኢትዮጵያ ለሚጓዝ ሰው ደግሞ የቪዛ ጉዳይ ይጨመርበታል።

የበይነ መረብ ቃለ መጠይቅ ይህን ወጪ ያስቀራል፤ በአንድ ሳምንት በተለያዩ ግዛቶች በሚገኙ ተቋማት ለመጠየቅም ያስችላል። በአንጻሩ የሥራ ቦታውን መንፈስ በስክሪን መረዳት ያዳግታል፤ የኔትወርክ ወይም የመብራት መቆራረጥም የአመልካቹን ዝግጅት ሊያስተጓጉል ይችላል።

ሊወሰዱ የሚገባቸው ጥንቃቄዎች

• ሰዓትን ማረጋገጥ፦ በጥርና በየካቲት በዋሽንግተን ከጠዋቱ 9:00 ተብሎ የተያዘ ቀጠሮ በአዲስ አበባ በአገራችን አቆጣጠር ከቀኑ 11 ሰዓት ነው። በካሊፎርኒያ ለተያዘ ተመሳሳይ ቀጠሮ ግን ከምሽቱ 2 ሰዓት ይሆናል።

• መጠባበቂያ ማዘጋጀት፦ የሞባይል ዳታ፣ የተሞላ ባትሪና የአስተባባሪውን ስልክ ቁጥር አስቀድሞ መያዝ ይገባል። ግንኙነቱ ከተቋረጠ ወዲያውኑ ማሳወቅ እንጂ ዝም ብሎ መጠበቅ አይመከርም።

• በሥልጠና ላይ ያሉ ሬዚደንቶችን መጠየቅ፦ የሥራ ጫና፣ የተረኝነት ብዛትና የአሠልጣኞች ክትትል በስክሪን የማይታዩ ጉዳዮች ናቸው። ኃላፊዎች በሌሉበት ከሬዚደንቶች ጋር የመነጋገሪያ ጊዜ መኖሩን መጠየቅ ተገቢ ነው።

• የአሠራሩን እኩልነት መጠየቅ፦ ምርጫው ለአመልካቹ የተተወ ከሆነ፣ በበይነ መረብ የሚጠየቁና በአካል የሚቀርቡ አመልካቾች በአንድ ዓይነት መስፈርት መመዘናቸውን ማወቅ ያስፈልጋል።

ከማመልከት በፊት

ከአሜሪካ ውጭ የተመረቀ ፋርማሲስት በቅድሚያ ከአሜሪካ ብሔራዊ የፋርማሲ ቦርዶች ማኅበር የውጭ ምሩቃን የአቻነት የምስክር ወረቀት ማግኘት ይጠበቅበታል። የቪዲዮ ቃለ መጠይቅ የጉዞን ወጪ ቢያስቀርም የሥራ ፈቃድን ጉዳይ አይፈታም፤ በርካታ ተቋማት ለሬዚደንት የሥራ ቪዛ ስለማያመቻቹ ይህን ማመልከቻ ከማስገባት በፊት መጠየቅ ያሻል። ድልድሉ የሚካሄደው በምርጫ ዝርዝር በመሆኑም፣ በገንዘብ ቦታ እናስገኛለን የሚሉ ግለሰቦችን ባለሙያዎች ሊያምኑ አይገባም።