ከባድ ቅንጣቶችን በግጭት ማጥናት፤ እኛንስ ምን ያገባናል?

አል ናህዳ በዱባይና በሻርጃ ወሰን ላይ ያለ ሠፈር ነው፤ ግማሹ በወዲያ፣ ግማሹ በወዲህ። እዚህ ተከራይተን የምንማር ኢትዮጵያውያን ስንሰበሰብ፣ «የቅንጣት ፊዚክስ የሀብታም አገር ቅንጦት ነው» የሚል አስተያየት ደጋግሞ ይነሣል። አስተያየቱን ከመቀበል ወይም ከመጣል በፊት ሥራው ምን እንደሆነ ማወቅ ይገባል ብለን ስላመንን ይህን አጭር ማብራሪያ አቅርበናል። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ፣ ማጋጨቱ ለምን አስፈለገ? በጄኔቭ አቅራቢያ፣ በሰርን የምርምር ማዕከል፣ ዙሪያው 27 ኪሎ ሜትር የሆነ ቀለበት ከመሬት በታች ተሠርቷል። በውስጡ ፕሮቶኖች ወደ ብርሃን ፍጥነት ተጠግተው ፊት ለፊት ይጋጫሉ። ሁለት ባጃጆች ቢጋጩ የሚተርፈው ስብርባሪ ነው፤ አውቶቡስ አይወጣም። ከፕሮቶኖች ግጭት ግን ይወጣል፤ ምክንያቱም አንስታይን በ1905 እንዳሳየው ኢነርጂና ክብደት አንዱ ወደ ሌላው ይለወጣሉ። ከሚታወቁት መሠረታዊ ቅንጣቶች ሁሉ ከባዱ ቶፕ ኳርክ በ1995 በአሜሪካ በፌርሚላብ የተገኘው በዚሁ መንገድ ነው። ክብደቱ የ184 ፕሮቶኖች ያህል ነው፤ ከአንድ የወርቅ አቶም ብዙ አያንስም።

ሁለተኛ፣ የማይታየው እንዴት ይጠናል? ቶፕ ኳርክ የሚቆየው አንድ ሰኮንድ ለትሪሊዮን፣ ያም እንደገና ለትሪሊዮን ቢከፈል ከሚደርሰው ግማሽ ያህል ነው። ስለሆነም ራሱን የሚያይ መሣሪያ የለም፤ የሚታየው ቅሪቱ ነው። ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ወደ ቦተም ኳርክና ወደ ደብልዩ ቅንጣት ይከፈላል። ቦተም ኳርክን የያዘው ቅንጣት ጥቂት ሚሊ ሜትር ተጉዞ ስለሚበተን፣ የተበተነበት ቦታ ከግጭቱ ቦታ ፈንጠር ብሎ ይለያል። ደብልዩው ኤሌክትሮንና ኒውትሪኖ ሲሆን ደግሞ ኒውትሪኖው ምልክት ሳይተው ያመልጣል። እዚህ ላይ ሥራው የእቁብ ጸሐፊ ሥራ ይሆናል፦ ገቢና ወጪው ካልገጠመ የጎደለው መጠን ይታወቃል። ከግጭቱ ወደ ጎን የወጣው እንቅስቃሴ ሁሉ በየአቅጣጫው ተደምሮ ዜሮ መምጣት አለበት። ካልመጣ ጉድለቱን ኒውትሪኖ፣ ወይም ገና ያልታወቀ አንድ ነገር ወስዶታል ማለት ነው።

ከመዝጋቢዎቹ መሣሪያዎች አንዱ አትላስ ነው፤ ርዝመቱ 46 ሜትር፣ ክብደቱ 7,000 ቶን። የፕሮቶን ጥቅሎች በሰኮንድ እስከ 40 ሚሊዮን ጊዜ ይተላለፋሉ። ከ2015 እስከ 2018 በተካሄደው ዙር ተመርጠው የተመዘገቡት ግን በሰኮንድ አንድ ሺህ ያህል ብቻ ነበሩ።

ሦስተኛ፣ የሚፈለገው ምንድን ነው? በ2012 የተገኘው የሂግስ ቅንጣት ከከባድ ቅንጣት ጋር ያለው ግንኙነት ከቀላሉ ይልቅ የጠነከረ መሆን አለበት ይላል ንድፈ ሐሳቡ። በ2018 አትላስና ሲኤምኤስ ሂግስ ከጥንድ ቶፕ ኳርኮች ጋር አብሮ ሲወለድ ማየታቸውን አስታወቁ፤ ንድፈ ሐሳቡም ፈተናውን አለፈ። ይሁን እንጂ ቶፕ ከኤሌክትሮን ከ300,000 ጊዜ በላይ የከበደው ለምን እንደሆነ የመለሰ የለም።

በመጨረሻ፣ የእኛ ድርሻስ? አትላስ የአንድ አገር ንብረት አይደለም። ከሠፈራችን ብዙ የማይርቀው የሻርጃ ዩኒቨርሲቲ አባል ነው፤ ከአፍሪካም የሞሮኮና የደቡብ አፍሪካ ዩኒቨርሲቲዎች አሉበት። በ2024 አትላስ 7 ቢሊዮን ያህል የግጭት መዝገቦችን ለማንኛውም ሰው በነፃ ለቀቀ። ሙሉው ለአንድ ላፕቶፕ ይከብዳል፤ ለተማሪ ተመጥኖ የተዘጋጀው ግን በተከራየንበት ክፍል ውስጥ ይሠራል። የሚጠይቀው ስታትስቲክስ፣ ፕሮግራም መጻፍና ትዕግሥት ነው፤ ሦስቱም የትም ብንሄድ፣ አገራችን ብንመለስም ይጠቅሙናል።

ስለዚህ በየሠፈሩ ሦስት አራት ሆነን የጥናት ክበብ እናቋቁም፤ የመጀመሪያ ሥራችንም ከመዝገቡ ውስጥ ቶፕ ኳርክን ፈልጎ ማግኘት ይሁን። ቅንጦት ነው አይደለም የሚለውን ክርክር ከዚያ በኋላ ብንቀጥል ይሻላል።