በየሁለት ሳምንቱ የሚረከቡት ሶፍትዌር

«ስክረም» የተባለው አሠራር የእህል ነጋዴውንም ሆነ የከተማውን ባለሀብት ከቀብድ ኪሳራ ሊያድን ይችላል

ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው ሉማሜ፣ የአዋበል ወረዳ ዋና ከተማ፣ ጤፍ የሚጫንባት ከተማ ናት። አዝመራው ታጭዶና ተወቅቶ ገበያ ሲወጣ፣ ከታኅሣሥ ወር ጀምሮ ባሉት ጥቂት ወራት ውስጥ፣ የእህል ነጋዴው የዓመት ትርፍ ወይም ኪሳራ ይወሰናል። በነዚያ ወራት ነጋዴው ከገበሬው እጅ በእጅ ይገዛል፤ አዲስ አበባ እህል በረንዳ ላለው ደንበኛው ግን ብዙውን ጊዜ በዱቤ ይልካል። ሂሳቡ ከፊሉ በደብተር፣ ከፊሉ በደላላው ስልክ ውስጥ፣ የቀረው ደግሞ በራሱ በነጋዴው ጭንቅላት ውስጥ ተቀምጦ ይከርማል።

ይህ ነጋዴ አንድ ቀን ደብተሩን ጥሎ ሶፍትዌር ላሠራ ቢል ምን ይገጥመዋል? ለምሳሌ ያህል ይታሰብ። ሚያዝያ 1 ቀን ከአንድ ሶፍትዌር ሠሪ ጋር ይዋዋላል። የሥራው ዋጋ 1 ሚሊዮን ብር፣ ጊዜው ዘጠኝ ወር፣ ቀብዱ 40 በመቶ ወይም 400 ሺህ ብር ነው። ሠሪዎቹ አንድ ሳምንት ጠይቀውት፣ ፍላጎቱን በሠላሳ ገጽ ጽፈው፣ አስፈርመውት ወደ አዲስ አበባ ይመለሳሉ። ከዚያ ወዲያ የሚሰማው ነገር ቢኖር በስልክ «እየተሠራ ነው» የሚል ብቻ ነው።

ጥር 1 ቀን፣ የጤፍ ጭነቱ በተጧጧፈበት ሰዓት፣ ዕቃው ይመጣል። ሲከፈት «ጤፍ» የሚል አንድ ስም ብቻ ያውቃል፤ ማኛ፣ ነጭ፣ ሰርገኛ ብሎ አይለይም። ሉማሜ ላይ ተመዝኖ የተጫነው ኩንታል አዲስ አበባ ሲደርስ የሚያሳየውን የሚዛን ጉድለት የሚመዘግብበት ቦታ የለውም። ኔትወርክ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ነጋዴው ቢቆጣ፣ ሠሪው የተፈረመውን ወረቀት አውጥቶ «የጻፍነው ይህንን ነው» ይለዋል። እውነቱን ነው። ነጋዴው የፈረመው ገና አይቶት በማያውቀው ዕቃ ላይ ነበር። ደብተሩ ተመልሶ ከመሳቢያ ይወጣል፤ ወቅቱም ያልፋል።

እዚህ ላይ ማንም ማንንም አላጭበረበረም። ጥፋቱ ያለው በሥራው ቅደም ተከተል ላይ ነው። መጀመሪያ ሁሉንም መጻፍ፣ ከዚያ ሁሉንም መንደፍ፣ ቀጥሎ ሁሉንም መሥራት፣ በመጨረሻ ሁሉንም በአንድ ቀን መፈተሽ። በሙያው ቋንቋ ይህ አሠራር «ፏፏቴ» ይባላል፤ ውኃው አንዴ ከወረደ ወደ ላይ አይመለስምና። የአሠራሩ ምንጭ ተደርጎ የሚጠቀሰው የአሜሪካዊው የዊንስተን ሮይስ ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣ ሲሆን፣ የሚያስገርመው ሮይስ ራሳቸው በዚያው ጽሑፍ ሥራውን በዚህ መልክ ብቻ ማስኬድ አደገኛ መሆኑን ጠቁመው ነበር። ዓለም ሥዕሉን ወሰደና ማስጠንቀቂያውን ተወው።

ከራግቢ ሜዳ የመጣ ስም

ስክረም የሚለው ቃል የተወሰደው ከራግቢ ጨዋታ ነው። ተጫዋቾቹ ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው ኳሷን የሚገፉበት ሁኔታ ማለት ነው። ቃሉን ወደ ምርት ሥራ ያመጡት ሁለት ጃፓናውያን ምሁራን፣ ታኬውቺና ኖናካ፣ እ.ኤ.አ. በ1986 በሃርቫርድ ቢዝነስ ሪቪው ባወጡት ጽሑፍ ነው። አዳዲስ ዕቃዎችን በፍጥነት ገበያ የሚያወጡ ኩባንያዎች ሥራውን እንደ ዱላ ቅብብል ከክፍል ወደ ክፍል አያቀባብሉትም፤ አንድ ቡድን ሆነው አብረው ይገፉታል የሚል ነበር መልእክታቸው። ጄፍ ሰዘርላንድ ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1993 ወደ ሶፍትዌር ሥራ አስገቡት፤ ከኬን ሽዋበር ጋር ሆነውም በ1995 ለባለሙያዎች ጉባኤ አቀረቡት። በየካቲት 2001 ደግሞ 17 ባለሙያዎች በአሜሪካ ዩታ ግዛት በሚገኝ ስኖውበርድ የተባለ ተራራማ መዝናኛ ተሰብስበው የ«አጃይል»ን መግለጫ አወጡ። አጃይል ማለት ቀልጣፋ፣ እንደ ሁኔታው የሚታጠፍ ማለት ሲሆን፣ ስክረም ከአጃይል አሠራሮች መካከል በጣም የተስፋፋው ነው።

መግለጫው አራት ነገሮችን ያስቀድማል። ለነጋዴ አንባቢ ግን ሁለቱ ይበቁታል፤ ከረጅም ሰነድ የሚሠራ ሶፍትዌር ይበልጣል፣ በውል ላይ ከመከራከርም ከደንበኛው ጋር አብሮ መሥራት ይበልጣል። ሰነድም ውልም አያስፈልጉም አላለም። ይህን የሚዘነጉ ፕሮግራመሮች አሉና ልብ ማለት ይገባል።

አሠራሩ በሉማሜው ነጋዴ ሲታይ

የስክረም ቡድን ትንሽ ነው፤ በ2020 የወጣው የአሠራሩ መመሪያ አሥር ወይም ከዚያ በታች ሰዎች ይላል። በውስጡ ሦስት ዓይነት ኃላፊነት አለ። አንደኛው «ፕሮዳክት ኦውነር» የሚባለው ነው፤ ምን ይሠራ፣ የቱ ይቅደም የሚለውን የሚወስን አንድ ሰው። ኮሚቴ አይሆንም። ሁለተኛው «ስክረም ማስተር» ሲሆን አሠራሩ እንዲጠበቅና እንቅፋት እንዲነሳ ይጥራል፤ አለቃ ግን አይደለም። የቀሩት ሠሪዎቹ ናቸው።

ሥራው «ስፕሪንት» በሚባሉ አጫጭር ጊዜያት ይከፈላል። ስፕሪንት ከአንድ ወር አይበልጥም፤ ብዙዎች ሁለት ሳምንት ያደርጉታል። በመጀመሪያው ቀን ቡድኑ ከፍላጎት ዝርዝሩ ራስጌ ላይ ያሉትን ጥቂት ነገሮች ይወስዳል። በየቀኑ ከ15 ደቂቃ ያልበለጠ ስብሰባ ያደርጋል። በመጨረሻው ቀን ደግሞ የተሠራውን ነገር ለአሠሪው ያሳያል። የሚያሳየው ሥዕል ወይም ሪፖርት ሳይሆን የሚሠራ ሶፍትዌር ነው። ከዚያ ቡድኑ ለብቻው ተቀምጦ «የት ላይ አጠፋን?» ብሎ ይነጋገራል፤ ቀጣዩ ስፕሪንትም ወዲያው ይጀመራል።

አሁን ወደ ነጋዴው እንመለስ። የፍላጎት ዝርዝሩ ሃያ ነገር ይኑረው፤ ግዥ፣ ሽያጭ፣ የጫኝና አውራጅ ክፍያ፣ የመኪና ኪራይ፣ የዱቤ መዝገብና ሌላም። ፕሮዳክት ኦውነር ሆኖ «ከነዚህ ሁሉ እንቅልፍ የሚነሳህ የቱ ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ ግልጽ ነው፤ ዱቤው። ስለዚህ የመጀመሪያው ስፕሪንት አንድ ነገር ብቻ ይሠራል፤ የትኛው የእህል በረንዳ ደንበኛ ስንት እንዳለበት በስልክ የሚያሳይ ዝርዝር። ሁለት ሳምንት ይጠቀምበታል። በሦስተኛው ቀን ደንበኞቹ ዕዳቸውን ከፋፍለው እንደሚከፍሉ፣ አንዳንዴም ዕዳው በሌላ ጭነት እንደሚቻቻል ትዝ ይለዋል። ይህ በሠላሳ ገጹ ሰነድ ውስጥ አልነበረም። ሊኖርም አይችልም ነበር፤ ነጋዴው ያስታወሰው ዕቃውን በእጁ ሲይዝ ነውና። ከፋፍሎ መክፈል በዝርዝሩ ራስጌ ላይ ይገባል፤ ያማረ የወር ሪፖርት ወደ ግርጌ ይወርዳል።

ወደ ገንዘቡ ስንመጣ ዘጠኝ ወር 20 ያህል የሁለት ሳምንት ስፕሪንቶች ይወጡታል። 1 ሚሊዮን ብር ለ20 ሲካፈል አንዱ ስፕሪንት 50 ሺህ ብር ነው። በቀድሞው ውል ነጋዴው ምንም ሳያይ 400 ሺህ ብር ቀብድ ሰጥቶ ነበር። በስክረም ግን በአንድ ጊዜ ለአደጋ የሚያጋልጠው 50 ሺህ ብር ነው። በዚያው 400 ሺህ ብር ስምንት ስፕሪንት ያሠራል፤ ሚያዝያ ላይ ከጀመረ ስምንተኛው የሚያልቀው ሐምሌ መጨረሻ ገደማ ነው። አዝመራው ገና ከማሳው ሳይነሳ በጣም የሚያስፈልጉት ክፍሎች በእጁ ገብተዋል፤ «ይበቃኛል» ብሎ ማቆምም ይችላል። ቁጥሮቹ ለማስረጃነት የተወሰዱ እንጂ የገበያ ዋጋ አይደሉም፤ ስሌቱ ግን በየትኛውም ዋጋ ያው ነው።

ገበያው ራሱ ሲቀየር

ፍላጎት አስቀድሞ ተጽፎ አያልቅም ለሚለው ከኢትዮጵያ ምርት ገበያ የተሻለ ምስክር የለም። ገበያው በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. በበቆሎ ግብይት ሥራ ሲጀምር ገዥና ሻጭ አዲስ አበባ በሚገኘው አዳራሽ እየጮሁና እጅ ለእጅ እየተማቱ ይገበያዩ ነበር። ዓመት ሳይሞላው የቡና ጥራት ቁጥጥርና ግብይት አዋጅ ወጣ፤ ቡናም ወደ አዳራሹ ገባ። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ የኤሌክትሮኒክ ግብይት ተጀመረ። በ2000 ዓ.ም. ተቀምጦ የዚህን ገበያ ፍላጎት ሁሉ ሊጽፍ የሚችል ሰው አልነበረም። ጤፍ እስከ ዛሬ በአብዛኛው ከዚህ ሥርዓት ውጭ በደላላና በስልክ የሚሸጥ መሆኑ ደግሞ ገና ያልተሠራው ሥራ ምን ያህል እንደሆነ ያሳያል።

የተሳካላቸው የአገር ውስጥ አገልግሎቶችም በአንድ ቀን ሙሉ ሆነው አልተወለዱም። በሳምራዊት ፍቅሩ የተመሠረተው ራይድ በስልክ አጭር መልእክት ጀምሮ ወደ መተግበሪያ አደገ፤ ኢንተርኔት የሌለውን ደንበኛ ደግሞ በ8294 የጥሪ ማዕከል ይዞ ቆየ። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ገንዘብ በመላክና በመክፈል ጀመረ፤ ብድርና ቁጠባ ከዳሸን ባንክ ጋር የተጨመሩት ከዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ2014 ዓ.ም. ነው። እነዚህ ድርጅቶች በውስጣቸው ስክረም ይከተሉ አይከተሉ ሌላ ነገር ነው፤ ከገበያው ጋር የተያያዙበት መንገድ ግን ያው ነው፤ ትንሽ አውጥቶ ማየት፣ ቀጥሎ መጨመር።

ከውጭ አገር ደግሞ የአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ፣ ኤፍ.ቢ.አይ.፣ ታሪክ ይጠቀሳል። ቢሮው የምርመራ መዝገቦቹን ወደ ኮምፒዩተር ለማዛወር ያሠራውን ሶፍትዌር 170 ሚሊዮን ዶላር ያህል ካወጣበት በኋላ እ.ኤ.አ. በ2005 ጣለው። ሴንቲነል የተባለውን ተተኪ በ2006 በሎክሂድ ማርቲን ማሠራት ጀምሮ ያም ሲጓተትበት፣ በ2010 ሥራውን በራሱ እጅ አስገብቶ በአጫጭር ስፕሪንት ማስኬድ ያዘ። በሐምሌ 2012 ሥራ ላይ ዋለ።

«አለቀ» ማለት ምን ማለት ነው?

ፍጥነት የራሱ ጣጣ አለው። በስክረም አንድ ሥራ «አለቀ» የሚባልበት መስፈርት አስቀድሞ ይጻፋል፤ ተፈትሿል፣ የቀድሞውን አላበላሸም፣ ሰው ሊጠቀምበት ይችላል። ይህ መስፈርት ከላላ በየሁለት ሳምንቱ የሚመጣው ዕቃ በየሁለት ሳምንቱ የሚመጣ መከራ ይሆናል። መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች ከሂሳባቸው በላይ ገንዘብ ሲያወጡ ያደሩበት ሁኔታ አይረሳም። ባንኩ ምክንያቱ ከሥርዓቱ ማሻሻያ ሥራ ጋር የተያያዘ እንጂ ጥቃት እንዳልሆነ ገልጾ፣ አለአግባብ የተወሰደው ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ መሆኑን አስታውቋል። ገንዘብ የሚነካ ሶፍትዌር የሚያሠራ ባለሀብት፣ ከዋጋው ቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው ስለ ፍተሻው ነው።

ሌላው ችግር ከአሠሪው ወገን ነው። ነጋዴው ፕሮዳክት ኦውነር እሆናለሁ ብሎ በስፕሪንቱ መጨረሻ የእህቱን ልጅ ቢልክ፣ ልጁ «ጥሩ ነው» ብሎ ይመለሳል፤ ስክረሙም እዚያው ሞተ። በየሁለት ሳምንቱ ሁለት ሦስት ሰዓት መስጠት የማይችል ሰው በዚህ መንገድ ባያሠራ ይሻለዋል። በሠሪው ወገን ደግሞ የ15 ደቂቃው ስብሰባ የሰዓት ፊርማ መቆጣጠሪያ ሲሆን፣ ወይም ዕቅድ የሌለው ፕሮግራመር «እኛ አጃይል ነን» እያለ ሲሸሸግበት ይታያል። ዕቅድ አለመኖርና ዕቅድን በየሁለት ሳምንቱ ማረም የተለያዩ ናቸው።

ጠቅላላ ወጪው አስቀድሞ አለመታወቁም እውነተኛ ጉድለት ነው። ባንክ ለብድር፣ ሸሪክም ለመዋጮ አንድ ቁጥር ይፈልጋሉ። ስለዚህ የብሩን ጣሪያና የጊዜውን ገደብ በውሉ አስሮ፣ የሚሠራውን ነገር ዝርዝር ግን ክፍት መተው አስታራቂ መንገድ ነው። ፍላጎቱ ከዳር እስከ ዳር ለታወቀ ሥራ የቀድሞው ውል ያዋጣል፤ ተራ የሂሳብ መዝገብ ለሚፈልግ ደግሞ ዝግጁ ሶፍትዌር መግዛት ከሁሉም ይረክሳል።

ውሉ ላይ መግባት ያለባቸው ነገሮች ብዙ አይደሉም። ክፍያው ስፕሪንቱ ታይቶ ሲጸድቅ ይሁን። የፕሮግራሙ ምንጭ ኮድ በየስፕሪንቱ ለአሠሪው ይተላለፍ፤ ሠሪው ቢጠፋ ሌላ ሠሪ ከቆመበት እንዲቀጥል። ማንኛውም ወገን በስፕሪንት መጨረሻ ማቆም ይችል። ለሉማሜው ዓይነት አሠሪ አንድ ተጨማሪ ነጥብ አለ፤ የመጀመሪያው ስፕሪንት ከመጀመሩ በፊት ፕሮግራመሮቹ በገበያ ቀን ሉማሜ ወርደው ሚዛኑ ሥር ይቁሙ፤ ገበሬው ሲያስመዝን፣ ጆንያ ሲሰፋ፣ ኢሱዙው ሲጫን፣ ኔትወርክ ሲጠፋ ይዩ። የአውቶቡሱንና የአልቤርጎውን ወጪ የሚከፍለው ነጋዴው ነው፤ ከ50 ሺህ ብሩ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው።